ዘጠነኛው ይንጫጫል፣ አሥራ ሁለተኛው ይጠፋል፦ የምትክ መምህርነት ሥራ በአሜሪካ ሃይስኩል፣ ክፍል በክፍል ሲመዘን

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል አገር ቤት መምህር የነበረው ጥቂት አይደለም። የማስተማር ፈቃዱን እስኪያወጣ ወይም ከሌላ ሥራ ጎን ለጎን በምትክ መምህርነት ወደ ክፍል የሚመለስም አለ። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው፤ የቀረውን መምህር ተክቶ መዋል ነው። የሚከብደው ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ፣ ነገ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጋቨርመንት፣ ከነገ ወዲያ ጂም መሆኑ ነው። የተማሪው ጠባይ ደግሞ ከክፍል ክፍል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ብዙ ሰው ልዩነቱን «ጥሩ ትምህርት ቤት» እና «መጥፎ ትምህርት ቤት» በማለት ይገልጸዋል። በእኔ ሚዛን ይህ ስሕተት ነው። በአንድ ሕንጻ ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ክፍል ወጥቶ ኮሪደሩን ተሻግሮ ሌላው ሲገባ ሌላ ዓለም ይገኛል። ጠባዩን የሚወስኑት መምህሩ ትቶት የሄደው ወረቀት፣ ሥራው ማርክ የሚያዝበት መሆን አለመሆኑ እና ሰዓቱ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን ሥዕል ማስተካከል ያስፈልጋል። እኛ ጋ ክፍሉ የተማሪው ነው። ዘጠነኛ «ሀ»፣ ዘጠነኛ «ለ» ተብሎ ሃምሳም ስልሳም ተማሪ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክፍል አብሮ ይቀመጣል፤ የሚዞረው መምህሩ ነው። መምህር ቢቀር የክፍል አለቃ አለ፣ የሚረብሽ ስም ይጻፋል፣ ስም ጠሪ መምህሩ ይጠየቃል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ክፍሉ የመምህሩ ነው፣ የሚዞረው ተማሪው ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የመምህሩ ሥዕል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የመምህሩ መጽሐፍ ነው። በየሰዓቱ የሚገባው ተማሪ ስብስቡ ይለያያል፤ አለቃ የለውም፣ እንደ አንድ ክፍል የሚያስተሳስረው ነገርም ትንሽ ነው። ምትክ መምህር ሲገባ የሰው ቤት የገባ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ የለም፣ ልጆቹ ግን ዕቃው የት እንዳለ ያውቃሉ። ብድግ ብሎ የሚቀበል ተማሪ የለም፣ ይህም ንቀት አይደለም። እንደ ንቀት ቆጥሮ በቁጣ የጀመረ ሰው ቀኑን ገና በጠዋቱ ያበላሻል።

ሥራው የሚያዝበት አፕ

ብዙ ዲስትሪክቶች ሥራውን የሚያከፋፍሉት በፍሮንትላይን ነው፤ በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች በድሮ ስሙ ኤሶፕ ይሉታል። አፑ ሲከፈት ክፍት የሆኑት ቀኖች ይዘረዘራሉ፦ የመምህሩ ስም፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ፣ ሙሉ ቀን ወይም ግማሽ ቀን መሆኑ። ሥራውን ሲቀበሉ የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሩ ካልመጣ ሥራው አልተያዘም ማለት ነው። መምህሩ ፋይል አያይዞ ከሆነ የቀኑን ሥራ ከዋዜማው ማንበብ ይቻላል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ጉድለቱ ለምርጫ የሚጠቅመውን ነገር አሳንሶ መናገሩ ነው። «ሳይንስ» ይላል፤ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ይሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ) ፊዚክስ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። መፍትሔው የመምህሩን ስም በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ የመምህራን ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ቀን ግን ያድናል። ፋይል የተያያዘበት ሥራ ሁልጊዜ ቅድሚያ ይሰጠው። ከዋዜማው ፕላን ያያያዘ መምህር ክፍሉንም በሥርዓት የያዘ መምህር ነው፣ ተማሪዎቹም ቁጭ ብሎ መሥራት ለምደዋል። ሊነጋጋ ሲል በድንገት ብቅ የሚል ሥራ ግን መምህሩ ሌሊት ታሞ ወይም ልጁ ታሞበት ነው። ፕላን ላይኖር እንደሚችል አውቆ፣ ለማንኛውም ክፍል የሚሆን የአንድ ሰዓት ሥራ በቦርሳ ይዞ መሄድ ይበጃል።

መስፈርቱን በተመለከተ፣ የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛው 18 ዓመት መሙላትና የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ (በፈተና የሚገኝ የዲፕሎማው አቻ) ነው፤ ዲስትሪክቶች ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ በአንጻሩ ለተለመደው የ30 ቀን የምትክ ፈቃድ የመጀመሪያ ዲግሪ ትፈልጋለች። ዲግሪ በሚጠየቅበት ቦታ ከኢትዮጵያ የመጣ ዲግሪ አስቀድሞ መመዘን አለበት፤ እሱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከማመልከቻው በፊት ይጀመር። ክፍያው በአብዛኛው ለተሠራበት ቀን ብቻ ነው፤ በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት ከተዘጋ፣ በገናና በበጋ ዕረፍት፣ ገቢ የለም።

ፎልደሩ

ጠዋት ደወሉ ከመደወሉ 30 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ የግድ ነው። ከቢሮ የሚወሰዱት ባጅ፣ ቁልፍና የምትክ ፎልደር ናቸው። ጥሩ ፎልደር ውስጥ የየፔሬዱ ስም ዝርዝር፣ የመቀመጫ ሥዕል፣ የዕለቱ የደወል ሰዓት፣ የሥራው ቅደም ተከተል፣ የአደጋ ጊዜ መመሪያ እና የጎረቤት መምህር ስም ይኖራል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ የመቀመጫው ሥዕል ነው። ስሙ የሚታወቅ ተማሪና ስሙ የማይታወቅ ተማሪ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ከክፍሉ ጥግ የሚረብሸውን «አንተ» ማለትና በስሙ መጥራት፣ ጩኸትና ሹክሹክታ ያህል ይለያያሉ፤ የሚሠራው ደግሞ ሹክሹክታው ነው።

ሥዕሉ ከሌለ ወረቀት አዙሮ «ስማችሁን ጻፉ» ማለት አያዋጣም፤ የሌለ ጓደኛ ስም ይገባበታል፣ ሁለት ልጆችም ስም ይለዋወጣሉ። የጠረጴዛዎቹን አቀማመጥ በባዶ ወረቀት ላይ በአራት ማዕዘን ይሳሉት፣ ከዝርዝሩ ስም ሲጠሩ «አለሁ» ያለው የተቀመጠበት ላይ ይጻፉ። ለ28 ተማሪ አራት ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ዝርዝሩን አስቀድሞ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይጠቅማል፤ ስም ተሰባብሮ ሲነበብ ሳቁ ይጀምራል፣ የተነሳ ሳቅ ደግሞ ቶሎ አይቆምም። ያቃተ ስም ካለ በአባት ስም ጠርቶ ልጁ ራሱ እንዲያስተካክል መጠየቅ ክብር ነው።

ተማሪ ሲገባ ቦታችሁ በሩ ላይ ነው፣ ጠረጴዛው ጋ አይደለም። በር ላይ የቆመ ሰው ማን ከማን ጋር እንደሚገባ ያያል። ከሌላ ክፍል ሾልኮ ጓደኛው ጋ ሊቀመጥ የመጣውንም ያገኘዋል፤ ይህ ምትክ በሚኖርበት ቀን የተለመደ ነው። ሰሌዳው ላይ አምስት ነገር ቀድሞ ተጽፎ ይጠብቅ፦ ስማችሁ፣ ሥራው ምንድን ነው፣ የት ይገኛል፣ መቼ ይሰበሰባል፣ የጨረሰ ምን ይሠራል። የመጨረሻው ካልተጻፈ ችግሩ የሚመጣው ከሰነፎቹ ሳይሆን በ15 ደቂቃ ከጨረሱት ነው።

ብዙ ሃይስኩሎች 90 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ ብሎክ ይሠራሉ። መምህሩ የሚተወው ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ የ30 ወይም የ40 ደቂቃ ነው። የቀረውን ሰዓት ምን ይሙላው? ወረቀቱን በአንዴ አትስጡት። የመጀመሪያውን ገጽ ሰጥታችሁ ሰዓት ለኩበት፣ መልሱን ከጎረቤት ጋር እንዲያመሳክሩ አድርጉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ስጡ። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ ማንም በሩ ጋ እንዳይሰበሰብ በየወንበሩ ይቆይ፤ በር ላይ የተጨናነቀ ሠላሳ ወጣት መገፋፋቱ አይቀርም።

ዘጠነኛ ክፍል

ዕድሜያቸው 14 እና 15 ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር አካላቸው ሃይስኩል ገብቷል፣ ልምዳቸው ገና ሚድል ስኩል ነው። ይንጫጫሉ፣ ይነሳሉ ይቀመጣሉ፣ እርሳስ ይወረውራሉ፣ የተነገረውን መልሰው አምስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ግን ስሜታቸው ፊታቸው ላይ ነው። ሲዋሹ ያስታውቃሉ፣ ሲመሰገኑ ይለወጣሉ።

ይህን ክፍል የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ረጅም ትእዛዝ ነው። «ከገጽ 40 እስከ 46 ሥሩ» ሲባሉ ተራራ ይመስላቸዋል፤ «ከ1 እስከ 6፣ 15 ደቂቃ» ሲባሉ ይጀምራሉ። ሁለተኛው የማይፈጸም ማስፈራሪያ ነው። ምትክ መምህር ማርክ አይቀንስም፣ ቅጣትም በአብዛኛው መስጠት አይችልም፤ ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልተፈጸመ ማስፈራሪያ ከሰሙ ቀሪው ቃላችሁ ሁሉ ዋጋ ያጣል። ሦስተኛውና የእኛን ሰው አብዝቶ የሚጥለው ሌላው ተማሪ እያየ ከአንድ ልጅ ጋር መከራከር ነው። በሰው ፊት የተነካ የ14 ዓመት ልጅ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፣ ጓደኞቹ እያዩት ነው። የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ሁለት ምርጫ መስጠት፤ «እዚሁ ሆነህ ትሠራለህ ወይስ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ይሻልሃል?» ከዚያ ጥሎ መሄድ። ቆሞ መልስ መጠበቅ ፍልሚያ ያደርገዋል። ዞር ሲሉለት ልጁ ክብሩን ይዞ ይታዘዛል።

ከምሳ በኋላ ያለ የዘጠነኛ ክፍል መደበኛ አልጀብራ በሃይስኩል ውስጥ ከሁሉ የሚከብድ ሰዓት ነው። ሂሳቡ ያልገባው ተማሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተስፋ ይቆርጣል፣ ተስፋ የቆረጠ ደግሞ የሚያወራው ሰው ይፈልጋል። ሂሳብ የሚችል ምትክ እዚህ ወርቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ማሳየት የክፍሉን ጫጫታ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ጫጫታው ከጥጋብ ሳይሆን ካለማወቅ የመጣ ነውና። ሂሳብ ለማይችል ጀማሪ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሥራ እንዲይዝ አልመክርም።

አሥረኛ እና አሥራ አንደኛ

አሥረኛ ክፍል ሕጉን አውቆ የሚላላበትን ቦታ የሚፈትሽ ዕድሜ ነው። «መምህራችን ሙዚቃ ትፈቅድልናለች»፣ «ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ቀድመን ነው የምንወጣው»፣ «ከጓደኛዬ ጋር ላይብረሪ መሄድ እንችላለን» ይላሉ፤ ከሦስቱ አንዱ እውነት ሊሆንም ይችላል። መልሱ አንድና ሁልጊዜ ያው ይሁን፦ «ወረቀቱ ላይ ካለ እሺ፣ ከሌለ የለም»። ክርክሩ ከእናንተ ጋር ሳይሆን ከወረቀቱ ጋር ስለሚሆን ይበርዳል። በቨርጂኒያ የመንጃ ትምህርት ንድፈ ሐሳቡ የሚሰጠው በአሥረኛ ክፍል የጤና ትምህርት ውስጥ ነው፤ መኪና መንዳት የማይጓጓለት ልጅ ስለሌለ ይህን ሰዓት ማስያዝ ያን ያህል አያስቸግርም።

አሥራ አንደኞች ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ጸጥታቸው ግን የድካም ነው። ለኮሌጅ ማመልከቻ የሚሆነው የኤስኤቲ ፈተና፣ ከባድ ኮርሶች፣ ማታ ማታ ሥራ ይደራረብባቸዋል። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ተማሪ እዚህ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ቀርቦ «ደህና ነህ?» ማለት ያስፈልጋል፤ የታመመም ሊሆን ይችላል፣ ነርስ ጋ መሄድ ከፈለገ ይሂድ። ደህና ከሆነና መተኛቱን ከቀጠለ ስሙን ለመምህሩ ማስታወሻ ይዞ ሥራን መቀጠል እንጂ መታገል ትርፍ የለውም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል

ትሑቶች ናቸው። ሰላም ይላሉ፣ እንደ ትልቅ ሰው ያወራሉ፣ የክፍሉን ኮምፒውተር እንዴት እንደሚከፈት ያሳያሉ። በዚህ ተታሎ «ይህ ቀላል ክፍል ነው» የሚል ብዙ ነው። የእነሱ ችግር ሌላ ነው፤ ይጠፋሉ። መጸዳጃ ቤት ሄዶ 40 ደቂቃ የሚቆይ፣ «ዛሬ ቀድሜ የምወጣበት ቀን ነው» ብሎ ቦርሳውን የሚያነሳ አለ። ቀድሞ የመውጣት ፈቃድ ያላቸው ተማሪዎች በእርግጥ ስላሉ ማን እንዳለው ከዝርዝሩ ወይም ከቢሮ ሳይረጋገጥ ማንም አይለቀቅ። ኮሌጅ ማመልከቻ ተልኮ ካለቀ በኋላ፣ በተለይም በሜይ ወር መጀመሪያ ሁለት ሳምንታት የኤፒ ፈተና ከተሰጠ ወዲያ፣ ክፍሉ ግማሽ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ጫጫታ ስለሌለ ጉዳቱ ትንሽ ይመስላል፤ በእኔ ሚዛን ግን ከዘጠነኛው ጫጫታ ይብሳል። እሳት ቢነሳ ወይም በአደጋ ምክንያት በሮች ቢቆለፉ የሚቆጠረው በእናንተ ዝርዝር ነው። አለ ተብሎ የተጻፈ ልጅ ከሕንጻው ውጭ ከሆነ፣ ያለውን ትቶ የሌለውን ሲፈልግ የሚውል ሰው ይኖራል። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስም ሁለት ጊዜ ይያዝ፦ መጀመሪያ ላይ ድምፅ አውጥቶ፣ ከመጨረሻው 15 ደቂቃ በፊት ደግሞ ዝም ብሎ በዓይን እየቆጠሩ።

በደረጃ የሚለዩት

ኤፒ ክፍሎች ለጀማሪ የሚመረጡ ናቸው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሥራቸውን ያውቃሉ፣ ሳይነገራቸው ይጀምራሉ፣ ከጨረሱ በኋላ የሌላ ኮርስ ሥራ ቢሠሩ ምንም አይደለም። የማታውቁትን ጥያቄ ከጠየቁ አትገምቱ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ለመምህሩ ማስተላለፍ የበለጠ ያስከብራል። ጥንቃቄው ፈተና በተተወ ቀን ነው። እዚህ ማርክ ትልቅ ዋጋ ስላለው የመኮረጅ ጉጉቱም ትልቅ ነው። መደበኛው ክፍል ሲያጠፋ ጮኾ ነው፣ ይኸኛው ሲያጠፋ ዝም ብሎ ነው። የፈተናው ወረቀት ሳይሰጥ ይቆጠር፣ ሲሰበሰብ ይቆጠር፤ 28 ከወጣ 28 ይመለስ። የቀሩ ተማሪዎች ወረቀት በመሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ፎቶ ተነሥቶ ከምሳ በፊት ለሚቀጥለው ፔሬድ እንዳይደርስ።

ሁለት መምህራን አብረው የሚያስተምሩበት ክፍል ከአንደኛው መምህር ጋር ስለሚዋል ቀላል ነው፤ ስትገቡ «ምን ልርዳ?» ብላችሁ ጠይቁና የተባላችሁትን አድርጉ። እዚህ ብዙ ተማሪዎች ልዩ ፍላጎት፣ የአካል ጉዳት ወይም ሕመም ላለበት ተማሪ የሚዘጋጅ አይኢፒ ወይም 504 የሚባለው ዕቅድ አላቸው። ተጨማሪ ሰዓት፣ ፊት መቀመጥ፣ በየመካከሉ ወጥቶ መመለስ በሕግ የተሰጣቸው መብት ነው፤ 504 የሚለው ቁጥር የመጣው የአካል ጉዳተኞችን መብት ከሚጠብቀው የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ ነው። «የመውጣት ፈቃድ አለኝ» የሚል ልጅ እውነቱን ሊሆን ስለሚችል ጮኽ ብሎ «ለምን?» ማለት ነውር ነው፤ ሕመሙን በጓደኞቹ ፊት ማስነገር ይሆናል። ፎልደሩን ወይም አብሮ ያለውን መምህር ቀስ ብሎ መጠየቅ ነው። ለልዩ ፍላጎት ብቻ የተለየውን ክፍል ብዙ ምትኮች ይሸሹታል። ረዳቶቹ እያንዳንዱን ልጅ በሚገባ ስለሚያውቁ፣ እነሱን መስማት ለሚችል ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ድጋፍ ያለው ክፍል ነው። የአካል እንክብካቤ ሥራ ይኖር እንደሆነ ግን ሥራውን ከመቀበል በፊት ቢሮ ደውሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንግሊዝኛ ለሚማሩ አዲስ መጤዎች የተሰጠው ክፍል፣ ኢሶል፣ ለእኛ ሰው የተለየ ቦታ አለው። አማርኛ በዚህ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ የሚልኩትን መረጃ ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። በዚህ ክፍል «ቲቸር» ብሎ እጁን የሚያወጣ፣ እንደ አገር ቤቱ ብድግ ሊል የሚቃጣው ልጅ ይገኛል። ትእዛዙን በአማርኛ አንድ ጊዜ ማስረዳት ትልቅ እርዳታ ነው። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይገባል። ስፓኒሽና ዳሪ የሚናገሩት አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ ረጅም የአማርኛ ወሬ እነሱን ባይተዋር ያደርጋቸዋል፣ ክፍሉም በቋንቋ ተከፋፍሎ ማውራት ይጀምራል።

በሌሎች ክፍሎች ውስጥ የሐበሻ ስም ያለው ልጅ ሲያጋጥም በሰው ፊት በአማርኛ አታናግሩት። እዚህ ተወልዶ የማይችል ሊኖር ይችላል፣ ችሎም የሚሸማቀቅ አለ። ምርጫው ለእሱ ይተው፤ የፈለገ ሲወጣ «ሰላም ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሌላው ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ልቅሶ ቤት ከልጁ እናት ጋር ስንገናኝ በክፍል ያየነውን መናገር በእኛ ባህል አሳቢነት ነው። በአሜሪካ ግን የተማሪን መረጃ የሚጠብቅ ከ1974 ጀምሮ የቆየ ፌደራል ሕግ አለ፣ ስሙም ፈርፓ ይባላል። የዲስትሪክቶችም ደንብ የክፍሉን ነገር በክፍል እንዲቀር ያዛል። የሚያሳስብ ነገር ካለ ለመምህሩ ወይም ለአማካሪው ይነገር፣ ወላጅን የሚጠሩት እነሱ ናቸው።

በትምህርት ዓይነት

ኬሚስትሪ ላይ ሕጉ አጭር ነው፤ እሳት የለም፣ አሲድ የለም፣ የላብራቶሪ ሙከራ የለም። ፕላኑ ላይ ሙከራ ቢጻፍ እንኳ ቢሮ ሳይጠየቅ አይጀመር። የኩኪንግ ክፍልም እንደዚሁ ነው፣ ምድጃ አይለኮስም። ሥነ ሥዕል ሰላማዊ ነው፤ እጅ ሲይዝ አፍ ያርፋል። መቁረጫ ቢላዎቹ ግን ሲወጡና ሲመለሱ ይቆጠሩ፣ ለማጽጃ ደግሞ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ካልተቀመጠ ቀለሙ ለሚቀጥለው ፔሬድ ይተርፋል። ጂም ውስጥ ሁሉንም ተማሪ በአንድ እይታ የሚያሳይ ጥግ ይዞ መቆም ነው፤ ኳስ አብሮ መጫወት የጀመረ ምትክ ጀርባውን ለግማሹ ክፍል ይሰጣል።

ፊልም የተተወበት ቀን እንደ ዕረፍት ይቆጠራል። አይደለም። ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት መብራት እንዲጠፋ ነው፤ ቢያንስ አንዱ ረድፍ ይብራ፣ እናንተም ከኋላ ቁሙ። ከፊልሙ ጋር የሚመለስ ጥያቄ ካልተተወ በየ20 ደቂቃው አቁማችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስጽፉ። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ጽሑፍ ሲሆንም ቦታችሁ ከኋላ ነው፤ ጨዋታ የተከፈተበት ስክሪን ከፊት ሆኖ አይታይም።

ሰዓት፣ ስልክ፣ መጸዳጃ ቤት

አንድ ዓይነት ተማሪ፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ በመጀመሪያ ፔሬድ እንቅልፋም ነው፣ በመጨረሻው ፔሬድ ይፈነጥዛል። ምሳ በተራ ስለሚበላ በብሎክ አንዳንዱ ክፍል መሐል ላይ ለምሳ ይወጣል። «የእኛ የመጀመሪያው ምሳ ነው» የሚሉትን አትመኑ፣ በደወል ወረቀቱ ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር ተመልከቱ። የሆምካሚንግ (የትምህርት ቤቱ የበልግ ፌሽታ) ሳምንት፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት ያለው ቀን እና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከባድ ናቸው፤ ሥራ የሚበዛውም በእነዚያው ቀናት ቢሆንም ለጀማሪ የሚሻለው ማክሰኞና ረቡዕ ነው።

ስልክን በተመለከተ ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ተማሪ በስልክ እንዳይጠቀም አድርጋለች። ምትክ ባለበት ቀን ግን ስልኩ ከቦርሳ ይወጣል። ከእጅ መንጠቅ ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት፤ ዕቃው ቢሰበር፣ እጅ ቢነካ፣ ጥፋተኛው እናንተ ናችሁ። አንድ ጊዜ «ቦርሳ ውስጥ» ይባል፣ ሁለተኛ ጊዜ ስሙ ይጻፍ፣ ሦስተኛ ጊዜ ቢሮ ይደወል። ለመጸዳጃ ቤት አንድ ሰው ይውጣ አንድ ይመለስ፤ በሩ አጠገብ ስም፣ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት የሚጻፍበት ወረቀት ይሰቀል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈቃዱን በኮምፒውተር ይሰጣሉ፣ ምትኩ ግን መግቢያው ላይኖረው ስለሚችል ወረቀቱ ያስፈልጋል። ስኳር ወይም ሌላ ሕመም ያለበትን ተማሪና ነርስ የጠየቀን ወረፋ አታስጠብቁ።

ጠዋት በድምፅ ማጉያ የሰንደቅ ዓላማ ቃል ኪዳን ሲነበብ ቁጭ የሚል ተማሪ ይኖራል። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላደገ ሰው ይህ ያማል፣ ተነሥ ለማለትም ይቸኩላል። ሆኖም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1943 ተማሪን ማስገደድ እንደማይቻል ወስኗል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ሕጉ ነው። ትከሻ መንካት፣ ጆሮ መያዝ፣ ከክንድ ይዞ ማስቀመጥ በየትኛውም ምክንያት አይደረግም።

ክፍሉ ከመሙላቱ በፊት ቁልፉ በሩን ከውስጥ እንደሚቆልፍ ሞክሩ። ብዙ ዲስትሪክቶች የሚጠቀሙት የአደጋ ትእዛዝ አምስት ቃላት አሉት፦ ሆልድ፣ ሴኪዩር (የውጭ በሮችን መቆለፍ)፣ ሎክዳውን፣ ኢቫኩዌት (ከሕንጻው መውጣት)፣ ሼልተር (መጠለል)። ሆልድ ማለት ከክፍል አለመውጣት እንጂ መብራት ማጥፋት አይደለም፤ ሎክዳውን ደግሞ መቆለፍ፣ ማጥፋት፣ ከእይታ መሰወር፣ ዝም ማለት ነው። ሁለቱን ያምታታ መምህር ክፍሉን ያስደነግጣል ወይም ያጋልጣል።

የመጨረሻው ወረቀት

ከመውጣት በፊት ለመምህሩ አንድ ገጽ ይተው። «ሦስተኛ ፔሬድ አስቸጋሪ ነበሩ» የሚል ጽሑፍ ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «ሦስተኛ ፔሬድ፣ 26 ነበሩ፣ 2 ቀርተዋል። ገጽ 4 ሁሉም ጨርሰዋል፣ ገጽ 5 ግማሹ ቀርቷል፤ ጥያቄ 7 ላይ አብዛኛው ተቸግሯል። አንድ ተማሪ 10:20 ወጥቶ 10:50 ተመለሰ።» ከዚያ የዚያ ተማሪ ስም፣ የረዱትም ሁለት ልጆች ስም ከጎኑ ይጻፍ፤ የተመሰገነ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ለምትኩ ይቆማል። የተሰበሰበው ወረቀት በየፔሬዱ ታስሮ ከላይ ይቀመጥ። በዚህ የረካ መምህር በፍሮንትላይን ላይ ስማችሁን ከሚመርጣቸው ምትኮች ዝርዝር ውስጥ ያስገባል፣ ሥራውም ለሌላው ከመከፈቱ በፊት ለእናንተ ሊታይ ይችላል። በሁለተኛው ቀን ስትመጡ የዘጠነኛ ክፍሎቹ ስማችሁን ያውቁታል፣ እናንተም የእነሱን። ቁልፉንና ባጁን ለቢሮ ሳትመልሱ ግን እንዳትወጡ።